ቀማሿ

ግቢዬ ውስጥ ካሉኝ ሁለት ክፍሎች አንዱን የተከራየችው ሕይወት የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ቀጭን፣ የሮቤን ብርድ በሁለት ሹራብና በአንድ ፎጣ የምትታገል ልጅ። እኔ ብቻዬን ቴሌቪዥን ላይ ማፍጠጤ ስለሚያሳዝናት አልፎ አልፎ መጽሐፍ ታመጣልኛለች። ባለፈው ሰሞን ያመጣችው ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ መሐሉ ላይ ገርበብ ያለ በር ተስሏል፣ በበሩ ክፍተት የሰው ጣቶች ብቻ ይታያሉ። "ሲስተር፣ ይኼ አስፈሪ ነው። ረዘም ረዘም ያሉ ታሪኮች ናቸው። ጭራቅ ምናምን የለበትም፤ የሚያስፈራው ሰው ራሱ ነው" አለችኝ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ነበርኩ፤ ሰውን ከውጭም ከውስጥም አይቼዋለሁ፣ ምኑ ያስፈራኛል?" ብዬ ሳቅኩባት። መነጽሬን ፈልጌ ጀመርኩት። የመጀመሪያዎቹ ታሪኮች ምንም አላሉኝም፤ እንዲያውም አንዱ ላይ አንቀላፋሁ። ቀጣዩ ግን "በጎባ ከተማ በእውነት የተፈጸመ" ብሎ ይጀምራል። ማር ሻጭ ናት። የቀንድ ማንኪያ አላት። ራሷ ቀምሳ ነው ለሰው የምትሰጠው። የቀመሰላት ሁሉ ይሞታል። ስሟ ዙበይዳ ነው።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ደነገጥኩ አልልም፤ ተናደድኩ። ከሽፋኑ ጀርባ የጸሐፊው ፎቶ አለ፤ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። ዙበይዳ ከጎባ ስትወጣ እናቱም አልተወለደች ይሆናል። ሕይወት ፊቴን አይታ "ያውቋታል እንዴ?" አለችኝ፣ ዓይኗ ፍክት ብሎ። "አውቃታለሁ" አልኳት። "ስንት ሰው ገደለች?" "አንድም አልገደለችም። ቁጭ በይ።" ያን ቀን የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ያኔ እዚያ ከነበሩት መሐል የማውቃቸው ሁሉ ወይ ሞተዋል ወይ አገር ለቀዋል። እኔም ዝም ብዬ ከሞትኩ የዚያች ሴት ስም እዚያ ጥቁር ሽፋን ውስጥ እንደታሰረ ይቀራል፤ ይኼን ደግሞ ሆዴ እሺ አላለኝም።

ዛሬ ሮቤን አስፋልቷንና ፎቋን ያየ ሰው ድሮም እንዲህ የነበረች ይመስለዋል። ያኔ ሮቤ ገበያ ነበረች፤ ከተማ ማለት ጎባ ነው። ቢሮው ጎባ፣ ሐኪም ቤቱ ጎባ፣ ፎቶ ቤቱ ጎባ። እኔ ከደብረ ብርሃን ወደዚያ ስመደብ እናቴ "ብርድ ነው አሉ፣ ልጄን ብርድ ሊገድልብኝ ነው" ብላ አለቀሰች፤ ደብረ ብርሃን ተቀምጣ! ወንዱ ሁሉ በቦላሌው መንገድ የሚጠርግበት፣ ሴቱ አፍሮዋን እንደ ደመና ቆልላ የምትወጣበት ጊዜ ነበር። እኔ ነጭ ጋውኔን በከሰል ካውያ እተኩስና ከላይ የእናቴን ፎጣ ደርቤ ሥራ እሄዳለሁ። ጋሪ ከላይኛው ሰፈር እስከ ገበያው ስሙኒ ነበር፤ ባለጋሪው ካወቀሽ ደግሞ በነጻ። ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ "እማማ፣ ዝርዝር አለዎት?" ይሉኛል። የክረምቱ ጉም ከቱሉ ዲምቱ ተራራ በኩል ይወርድና መንገዱን ይውጠዋል፤ መጀመሪያ የፈረሱ ቃጭል ይሰማሻል፣ ከዚያ ትንፋሹ፣ ፈረሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። በየሻይ ቤቱ የዘፈን ምርጫ ይከፈታል፤ ሰው ዘፈኑን ጮክ አድርጎ ወሬውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ስለ መንግሥቱ ምንም አልልም፤ ያኔም አንልም ነበር። ሰው ጎረቤቱን በጎን የሚያይበት ዘመን ነበር ማለቱ ይበቃል።

ከጤና ጣቢያው ዝቅ ብሎ፣ ትልቁ ጥድ ያለበት ሜዳ ዳር፣ የከማል ሰፊው ሱቅ ነበረች። ከማል የሰፋው ኮት ከሰውየው በላይ ይኖራል ይባልለት ነበር። መጽሐፍም ያከራያል፤ ከክር ማስቀመጫው አጠገብ አንድ መደርደሪያ ሙሉ አለው፣ ጥጋቸው የተበላ፣ ገጻቸው በላምባ የሸተተ። የገበያ ቀን ዝናብ ሲይዝ ከሲናና ስንዴና ገብስ ይዞ የመጣው ገበሬ ሁሉ እዚያ ይጠለላል፤ ሥራ የጨረሰ የመንግሥት ሠራተኛም ይመጣል። ያኔ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከማል ደግሞ ልብሱን እየሰፋ አማርኛ ለማይሰማው ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል፣ ይተረጉማል። ታሪኩ ደካማ ከሆነ የስፌት መኪናው ሳያቋርጥ ይንኳኳል። ጥሩ ከሆነ ይቆማል። አንባቢ ሁሉ የሚፈራው ያንን መኪና ነበር።

መኪናውን እንደ መምህር ጌታሁን ያስቆመ ሰው አላየሁም። ጌታሁን ከጎጃም የመጣ የአማርኛ አስተማሪ ነበር፤ ዘለግ ያለ፣ ጥቁር ተርጋል ሱሪው ላይ አንድ ጉድፍ የማይታይበት፣ ሲያነብ ድምፁ ከደረቱ ሳይሆን ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል። ልቤ ትንሽ ይደነግጥለት ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ ማንን ፈርቼ እደብቃለሁ? የሰው ታሪክ ብቻ አያነብም፣ የራሱንም ይጽፋል። ጨለማ ጨለማ የሆኑ ረጃጅም ታሪኮች ጽፎ፣ የትምህርት ቤቱን ማባዣ ማሽን ለምኖ፣ በጥራዝ አድርጓቸው ነበር። በአንዱ ሁለት ወንድማማቾች እህል በጉድጓድ ደብቀው አባታቸውን ያስርባሉ። በሌላው ሰውየው ጎረቤቱ "ድረሱልኝ" ሲል ይሰማና መብራቱን ያጠፋል፤ ታሪኩ ሙሉ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚያልቀው። ጅብም ሰይጣንም የለበትም። አንብቦ ሲጨርስ ሰዉ ለቅጽበት እርስ በርሱ ይተያይና ነው የሚሳሳቀው።

ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አዴ ዙበይዳ ማር ትሸጣለች፤ አዴ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ያኔ አንቱ ነበር የምላት፤ ዛሬ ግን በዕድሜ አልፌያት ስለሄድኩ እሷ ብዬ ልጻፍ። ባሏ የሞተባት፣ ሐሊማ የምትባል አንዲት ልጅ ያላት፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ሳቋ ግን መንገዱን የሚሻገር ሴት ነበረች። ማሩ ከሐረና ጫካ በበቅሎ የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ይመጣላታል፤ ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል። እጀታው በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ የቀንድ ማንኪያ አላት። ገዢ ሲመጣ በማንኪያው ትጨልፍና "ቢስሚላህ" ብላ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች፤ ከዚያ አዲስ ጨልፋ መዳፍሽ ላይ ጠብ ታደርግልሻለች። "ኛዹ ኢንተላ ኮ፣ ብይ ልጄ" ትለኛለች። ቀምሶ መስጠት እኔ አገርም ያለ ነው፤ ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ አድርጎ ይቀምሳል። ነገሩ "መርዝ የለውም፣ አትፍራ" ለማለት ነው፤ ግን ማንም እንደዚያ ብሎ አያስበውም። እንደምን አደርክ እንደማለት ነው። አንድም ሰው ተመራምሮበት አያውቅም ነበር፣ ጌታሁን እስኪመራመርበት ድረስ።

ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ጌታሁን አዲስ ታሪክ አምጥቶ ነበር፣ ስሙ "ቀማሿ" ይባላል። ጉም የማይለቃት ከተማ ውስጥ ስም የሌላት አንዲት ሴት ማር ትሸጣለች። ጠዋት ጠዋት የአንድ ሥር ዱቄት በጥብጣ ትጠጣለች፤ ማርከሻ ነው። ከዚያ ገበያ ወጥታ፣ በቀንድ ማንኪያዋ መርዙን ማር ቀምሳ፣ ለሰው ትሰጣለች። ሰውም ስትቀምስ አይቶ ይበላል። ወዲያው አይሞትም፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ይከሳል፣ ቀስ ብሎ ያልቃል። ቀብሩ ላይ ከሁሉ በላይ የምታለቅሰው እሷ ናት። ገንዘብ አትፈልግ፣ ቂም የላት። መጨረሻ ላይ ለምን እንደምታደርገው ለራሷ ትናገራለች፤ "ሲያምኑኝ ደስ ይለኛል" ትላለች። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

የስፌት መኪናው ከቆመ ቆይቷል። ከማል የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በኦሮምኛ ሲመልስ ድምፁ ዝቅ አለ። አንድ የሲናና ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ "ይህች ሴት የት ነው ያለችው?" ብሎ አስጠየቀ። ጌታሁን ሳቀ። "የትም የለችም አባቴ፤ ከጭንቅላቴ ነው የፈጠርኳት።" "ማርከሻውንም?" "እሱንም።" ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ከማል ሲመልስልን እንዲህ ነበር ያለው፦ "ሰው ያላየውን ነገር እንዲህ አብጠርጥሮ ሊያውቅ አይችልም።" ጌታሁን ፊቱ በራ። ለጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከየት ይመጣል? ልክ ያኔ በመስኮቱ በኩል የቆመ አንድ ሰው ቀስ ብሎ "የቀንድ ማንኪያ" አለ። ሁላችንም ዞርን። በዝናቡ ውስጥ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ዙበይዳ በቆርቆሮዋ ሥር ተቀምጣለች። ማየታችንን አይታ ማንኪያዋን ከፍ አድርጋ ሰላም አለችን። እጁን ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔ ያነሳሁ ይመስለኛል፤ ወይም እንዳነሳሁ ማሰብ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የቀረው ሳቋ ነው። ሰው መንገዱን ሲያቋርጥ በእሷ በኩል ማለፍ ተወ። ማር የሚገዛው ሮቤ ድረስ ሄዶ መግዛት ጀመረ። ነገሩ ግን በእሷ አላበቃም፤ እኔን እስከዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አንድ የማውቃቸው ሰዎች ልጃቸውን ሲድሩ የሙሽራው እናት እንደ ወጉ ከጠላው ቀመሰች። እንግዳው ድሮ ከንፈሯን እንኳ የማያየው፣ ያን ቀን ጉሮሮዋን አየ። መዋጧንም አይቶ አልጠጣም፤ ማርከሻ የጠጣ ሰው ቢውጥስ? ጋኑ እንደሞላ ቀረ፤ ሴትዮዋ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ እኔው ነኝ ያባበልኳት። ድሮ የመተማመኛው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ጌታሁን በአንድ ታሪክ ዘጋው፣ ሌላ መንገድ ግን አላበጀልንም። በገበያው ውስጥ ደግሞ አንድ ሥር ማሽ "ማርከሻ፣ ማርከሻ" እያለ መሸጥ ጀመረ። ታይቶ የማይታወቅ መርዝ ገና ሳምንት ሳይሞላው ነጋዴ አገኘ። ጌታሁንን "በቃህ፣ ይህቺን ታሪክ ተዋት፣ ሰው እየተጎዳ ነው" ስለው "አንቺ ደግሞ ሲስተር፣ ታሪክ ሰው ይገድላል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። በሚቀጥለው ገበያ ሰው ድገምልን ብሎት ደገመላቸው። ሱቋ አልበቃ ብላ ሰው ውጭ ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ሰማ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቀለ ባለጋሪው ታመመ። በቀለን የማያውቅ የጎባ ሰው አልነበረም፤ ፈረሱን በስሙ እየጠራ የሚለምን እንጂ የማይገርፍ ሰው ነው። ከዙበይዳ ደንበኞች ያልሸሸ እሱ ብቻ ነበር። ወንድሞቹ ደግፈው ጤና ጣቢያ ሲያመጡት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። እኔ እንደዚያ ዓይነት ዓይን በወር በወሩ አያለሁ። "የወፍ በሽታ ነው፤ ጉበቱ ነው። ዕረፍት ያድርግ፣ ውኃ አፍልታችሁ ስጡት፣ ይድናል" አልኳቸው። ታላቅየው ወንድሙ ሙሉጌታ አላዳመጠኝም። "ዓይኑ ቢጫ ሆነ" አለ ለራሱ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ የሚያውቀውን ነገር እንደሚያነብ ሰው። እነሱ በሽተኛውን ተሸክመው ሲወጡ ወሬው ቀድሟቸው ገበያ ደርሶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለዙበይዳ መልእክት ላኩባት፦ ማርከሻውን ታምጣ፣ አለዚያ ቤቷ ከነነፍሷ ይነዳል። በማግሥቱ ጠዋት አጥሯ ሥር አንድ ጣሳ ላምባ ተቀምጦ ተገኘ። ማንም አልለኮሰውም። ማንም ግን አላነሳውም።

ቤቷ ሄድኩ። ሐሊማ ከበሩ ኋላ ቆማ የበሩን መወርወሪያ በሁለት እጇ ይዛለች። ዙበይዳ ቁጭ ብላ እጆቿን ታያለች። "አዴ ዙበይዳ፣ ለጊዜው ወደ ዘመድ ይሂዱ" አልኳት። "ከሄድኩ አድርጋለች ይላሉ" አለችኝ። "ማርከሻ አምጪ ይሉኛል። ያ ረቢ! መርዝ የሌለው ሰው ማርከሻ ከየት ያመጣል? ውኃ በጥብጬ ልስጣቸው? ሰጥቼ ቢድን፣ መርዟ ነበር ይላሉ። ባይድን ገደለችው ይላሉ።" እውነቷን ነበር። ዞሬ ዞሬ አንድም ቀዳዳ አላገኘሁላትም፤ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

ቀዳዳውን ያገኙት ሽማግሌዎች ናቸው። መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ ሐሙስ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሰዉን ጥዱ ሥር ሰበሰቡ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የከተማውም የሲናናውም። የበቀለ ወንድሞች ዱላቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል። ዋናው ሽማግሌ ሐጂ ቃሲም ነገሩን በአጭሩ አስቀመጡት። "ይህ ወሬ የመጣው ከታሪክ ነው። ታሪኩን የሠራው መምህሩ ነው። ሐሰት መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱ በአደባባይ ይናገር፤ ከማሯም ይብላ። እሱ ከበላ እኛ ምን ቤት ነን? ነገሩ እዚህ ያልቃል።" ሙሉጌታ ሳይቀር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከትከሻዬ ድንጋይ ወረደልኝ። አጠገቤ የቆመውን ከማልን "ጌታሁን እኮ ማር ይወዳል፤ ጨርሶባት እንዳይሄድ" ብዬ ቀለድኩ።

ጌታሁን ተርጋሉን ተኩሶ ነበር የመጣው። ያማረ ንግግር አደረገ። ልብ ወለድ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሴቲቱም መርዙም ሥሩም የሱ ፈጠራ እንደሆኑ፣ ከአዴ ዙበይዳ የወሰደው ማንኪያዋን ብቻ እንደሆነ፣ ለዚያም ይቅርታ እንደሚጠይቃት። ከማል እያንዳንዷን ቃል በኦሮምኛ መለሰ። የሰዉ ፊት ሲለሰልስ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ዙበይዳ የማር ቅሏን ይዛ ወጣች። ነጠላዋ ንጹሕ ነው። ቅሏን ከፈተች፣ በቀንድ ማንኪያዋ ጨለፈች፣ "ቢስሚላህ" አለችና መጀመሪያ ራሷ ቀመሰች።

ምን ታድርግ? ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው የኖረችው ነው፤ ቀምሳ ካልሰጠች ነውር ነው። ግን ሕዝቡ ሁሉ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ። ታሪኩ ልክ እንደዚያ ነበራ። ማንኪያው፣ ቅምሻው፣ ረጋ ያለ ፊቷ። አዲስ ጨለፈችና ማንኪያውን ለጌታሁን ሰጠችው። ተቀበላት። ወደ አፉ አነሳው። እዚያ ላይ ቆመ።

ማሩ ከማንኪያው ጠርዝ እየተሳበ በተርጋሉ ላይ ጠብ አለ። አላየውም። ዓይኑ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። እኔ በሆዴ "ብላ! ብላ እንጂ አንተ ሰው!" እላለሁ። የፈረስ ቃጭል ከሩቅ ይሰማል እንጂ ሌላ ድምፅ የለም። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ በዚያ ብርድ። ከዚያ ማንኪያውን ቀስ ብሎ ቅሉ ላይ መለሰውና፣ ያ ከመሬት ሥር የሚወጣው ድምፁ ቀጥኖ፣ "ዛሬ ጾመኛ ነኝ" አለ።

ሐሙስ ቀን! ያውም በመስቀል ሰሞን! እኔ ተንደርድሬ ሄጄ ማንኪያውን አነሳሁና ላስኩት፤ ከማል ከእጄ ነጥቆ ጨለፈና በላ፤ ሐጂ ቃሲምም በሉ። ከሕዝቡ መሐል እኛን ያየ አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ያልበላውን ነው። ዙበይዳም እሱን ነበር የምታየው። ከወንድሞቹ ዱላ ይልቅ፣ አጥሯ ሥር ካለው ላምባ ይልቅ፣ ያን ጊዜ ነው ፊቷ የወደቀው። "አቲስ፣ መምህር?" አለችው። አንተም? ማለቷ ነው። ከማል አልተረጎመውም፤ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ደም እንዲፈስ አልፈቀዱም፤ ለዚያ እስከዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። በወንድሞቹና በእሷ መሐል ቆመው፣ እቃዋን አስጭነው፣ እሷንና ሐሊማን በሳነቴ አድርገው ወደ ደሎ ቁልቁል ሸኟቸው። በቅሎው ላይ ከመውጣቷ በፊት የቀንድ ማንኪያውን በእጄ አስያዘችኝ። "ከእንግዲህ ለማንም አልቀምስም" አለችኝ። ጉሙ ሲውጣቸው አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስለሷ የሰማሁት የለም። በቀለ ኅዳር ሳይገባ ድኖ ጋሪው ላይ ወጣ። "ይኸው፣ የወፍ በሽታ ነው ብያችሁ አልነበረም?" ስል ሙሉጌታ "ፈርታ ማርከሻውን በሥውር ልካለት ነው እንጂ" አለኝ። ከተማውም እንዲሁ አለ። መዳኑ ጭራሽ ማስረጃ ሆነባት። ጌታሁን በዚያው ወር ዝውውር ጠይቆ ሄደ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አገኘሁት፤ ሰላምታ አልሰጠሁትም፣ እሱ ግን መጣ። "ሲስተር፣ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። እኔው ነኝ የጻፍኩት። እጄ ግን እምቢ አለኝ" አለ። ልቤ የደነገጠለት ያ ሰው ከፊቴ ቆሞ ሳለም የለም ነበር። አዘንኩለትም፣ ጠላሁትም፤ ሁለቱም እስከዛሬ አሉ።

ይኼን ሁሉ ስነግራት ሕይወት አለቀሰች። ፎጣዋ ጫፍ እስኪርስ ነው ያለቀሰችው፤ ደግ ልጅ ናት እላችኋለሁ። "ይኼን ልጅ ፈልጌ አገኘዋለሁ፤ ያርመዋል፣ አለዚያ እኔ እጽፍበታለሁ" አለች ጥቁሩን መጽሐፍ እየመታች። "እንዴት በአንድ የፈጠራ ወሬ የሰው ሕይወት... እኛ ሰዎች ምንድን ነን ግን ሲስተር?" ደስ አለኝ። ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ሰው ዙበይዳን አመነልኝ ብዬ ልቤ ሞቀ። ተነስቼ ከቁም ሳጥኑ መሳቢያ በነጠላ የጠቀለልኩትን የቀንድ ማንኪያ አወጣሁ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል እንጂ ምንም አልሆነም። ሐሙስ ገበያ የገዛሁት የሐረና ማር ነበረኝ፤ ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ማንኪያውን አጠብኩና እንደሷ ጨለፍኩ፣ እንደሷ መጀመሪያ ራሴ ቀመስኩ፣ አዲስ ጨልፌም "ብይ ልጄ" ብዬ ዘረጋሁላት።

ሕይወት እንባዋን ጠርጋ ፈገግ አለች። እጇንም ዘረጋች። መጀመሪያ ግን ጉሮሮዬን አየች፤ ከዚያ በላች።